የጌጥነሽ ጓሮ ጎመን

የ2006 ሰመር ትዝ ይለኛል፤ የምንኖርባት ኦሮራ ከተማ ላይ ሙቀቱ ጫማ አልፎ እግር ያቃጥል ነበር። ያኔ ነው የጎረቤቴን የጌጥነሽን የጓሮ ጎመን ተባይ የወረረው።

ሌላው ጎረቤታችን ይመር የሚረጭ መርዝ ይዞላት መጣ።

“የልጅ ልጄ ሔርሜላ ጥሬውን እየቀነጠሰች ትበላለች፤ አላስነካም!” አለችው።

ከዚያ በርበሬ በውሃ በጥብጣ፣ ሲበዛ የሚሻል መስሏት አወፍራ ረጨችበት። በማግስቱ ቅጠሉ አርሮ ጠበቃት።

“እትዬ ጌጤ፣ ገና መሬት ላይ እያለ ቀመሙት እኮ!” ብሎ ሳቀባት ይመር።

እሷ እቴ፣ መች ተወችው! የተረፉትን ስድስት እግር ጎመን ጧት ጧት በእርጥብ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ጠረገች። ጎመኑ ለፍልሰታ ጾም ደረሰ፤ ሔርሜላ ከሁላችን ቀድማ ቀነጠሰች።

መጨረሻ እንደሰማሁት ጌጥነሽ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር፣ ልጇ ቤት ነው የምትኖረው።