የሕዝቅያስ ጊታርና የወንጌላዊት ድምፅ

ሕዝቅያስን የአዲስ ከተማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል። መለዋወጫ ሱቁ ገብታችሁ የፍሬን ሸራ ብትጠይቁት ግን ትንሽ መታገሥ ነው፤ ጣቶቹ በባንኮኒው ጠርዝ ላይ የጊታር ስኬል፣ ማለትም የድምፆችን ቅደም ተከተል፣ እየተለማመዱ ነው። ይህ ሰው ከሚስቱ ከወንጌላዊት ቀጥሎ የሚያሳስበው ነገር ቢኖር፣ ኮርዱ፣ አንድ ላይ የሚመታው የድምፆች ጥምር፣ ሲቀያየር ጊታር በየትኛው ስኬል ለብቻው ሶሎ ይገባል የሚለው ነው።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ታቦር ተራራ ግርጌ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊት ትዘምራለች፣ እሱ ያጅባታል። የተጋቡትም በዚሁ ሰበብ ነው፤ እሷ ኪይዋን፣ ከየትኛው ድምፅ እንደምትነሣ፣ ሳትነግረው ትጀምራለች፣ እሱ አንድ ስንኝ ሳትጨርስ ያገኛታል። መዝሙሮቿ አብዛኞቹ በትዝታ ቅኝት ስለሆኑ፣ ኮርዱ ቢቀያየርም የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ ተጫውቶ ይወጣዋል።

ከዚያ ወንጌላዊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አደረገች። ጤናዋ ተመለሰ፣ ድምፅዋ ግን ሻክሮ ቀረ፤ ከፍ ያሉትን ድምፆች ከነጭራሹ አጣቻቸው። መዝሙር ተወች። ወጥ ስትሠራ ማንጎራጎሩንም ተወች፤ ቤቱ ጭር አለ። ሕዝቅያስ ይህን እንዴት ብሎ ያንሣው? ፈሪ ነው፣ እንደ ወንድ ሁሉ። ስልኩን ይዞ የጊታር ትምህርት ቪዲዮ ውስጥ ተደበቀ።

እዚያም እያንዳንዱ ኮርድ የየራሱ ስኬል እንዳለው ተማረ፤ ጉድ የፈላውም ያኔ ነው። አንድ እሑድ መዝሙሩ መሐል ሶሎ ገባና ጂ ኮርድ ላይ አንዱን ስኬል፣ ኢ ማይነር ላይ ሌላውን፣ ዲ ላይ ደግሞ የአንቺሆዬን ቅኝት ጨመረበት። ጭብጨባው ተበተነ። ፓስተር ታምሩ መዝሙሩ አብቅቶ የጸሎት ሰዓት የገባ መስሏቸው ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው መጸለይ ጀመሩ። ምእመኑም ዐይኑን ጨፈነ። ሕዝቅያስ ብቻ ዐይኑን አፍጥጦ፣ ጣቱ ክሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ቤት ሲገቡ ወንጌላዊት ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ሕዝቄ፣ ሲበዛ ማርም ይመራል" አለችው። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ግን እኮ ያበላሸኸው የኔን መዝሙር ነው።"

"ሌላ ሰው ሲዘምረው አልወድም" አለ ሕዝቅያስ፣ ጫማውን እያየ። "ለዚያ ይሆናል።"

ወንጌላዊት ነጠላዋን አጥፋ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በሚቀጥለው እሑድ ግን፣ የምስክርነቱ ሰዓት ሲደርስ፣ ከወንበሯ ተነሣች። ስለ ጤናዋ ጌታን አመሰገነችና፣ ለማንም ሳትናገር መዝሙሯን ጀመረች። ሕዝቅያስ ፈጥኖ ጊታሩን አቀፈ። ድምፅዋ ተሰብሮ፣ አፍራ ከተቀመጠች ዳግመኛ እንደማትነሣ ያውቃል። ድሮ የምትጀምርበት ጂ ላይ ፈለጋት፤ የለችም። ክሩን ቀስ ብሎ እየነካ ወደ ታች ተከተላትና ዲ ላይ አገኛት።

የተማረው ስኬል ሁሉ ጣቱ ላይ ተንጋጋ። አንዱንም አላስገባም። እሷ ትንፋሽ ስትስብ ብቻ አምስቱን ድምፆች ነካ ነካ እያደረገ አብሯት ሄደ። አዝማቹ ላይ፣ ያቺ ከፍ የምትለው ድምፅ ስትመጣ፣ የወንጌላዊት ጉሮሮ ተዘጋ። አፏ ተከፍቶ ድምፅ የለም።

ሕዝቅያስ ያቺን ድምፅ በጊታሩ መታት፤ ብቻዋን፣ ረዘም አድርጎ። ወንጌላዊት ዞር ብላ አየችውና ቀጣዩን ይዛ ዘመረች። በሁለተኛው ዙር እዚያው ቦታ ስትደርስ፣ አልታገለችም፤ ዝም ብላ ጠበቀችው። እንዲህ እየተቀባበሉ መዝሙሩን ጨረሱት። ፓስተር ታምሩ በዚህኛው ቀን ለመጸለይ አልቸኮሉም፤ መሐረባቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሕዝቅያስ ሱቅ ሊከፍት ጫማውን ሲያስር ከወጥ ቤት ማንጎራጎር ሰማ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ድምፁ አዝማቹ ጋ ደረሰና ቆመ።

"ሕዝቄ!" አለች ወንጌላዊት ከውስጥ። "እየጠበቅኩህ እኮ ነው!"

የፍሬን ሸራ ፈላጊ ካለ ይታገሥ። ሕዝቅያስ አንድ እግሩን ጫማ፣ አንድ እግሩን ካልሲ እንዳደረገ ጊታሩን አነሣ።