ብርሃን የበላት እንጉዳይ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ተራ ነገር የማገዶ እንጨት ከዝናብ ማስገባት ነበር። በሳምንቱ ሞተ። ዛሬ ከዚያው ክምር ግንድ ሳነሣ የረጠበ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከሥሩም እንጉዳይ በቅሎ አየሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ሳንጋባ፣ ከድንበር ከተማዋ ከኮኪት አጠገብ ካለው ጫካ ገብተን ነበር። እሱ ከአጎቱ ፎቶ ቤት ካሜራ ተውሶ መጥቷል። በሆዱ ተኝቶ፣ ትንሹን ነገር አጉልቶ እንዲያሳየው ሌንሱን ገልብጦ በእጁ ደግፎ፣ የክብሪት እንጨት የምታክል ብርቱካንማ እንጉዳይ ፎቶ አነሣ። እኔ በወዲያ በኩል ነጭ ወረቀት ይዤ ብርሃን አንጸባርቅላት ነበር። ዝቅ ስል ከቆቧ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች አየሁ።

"ተነሥ! ድንበር ላይ ምን ትሰልላለህ?" አለ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ።

የሰሊጥ እርሻ የሚጠብቁት ጎረቤታችን አብዬ ተገኝ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። "አንተ! ሰላይ ቢሆን ድልድይ ያነሣል እንጂ የጅብ ጥላ እንጉዳይ ያነሣል?"

ጥበቃው ሳቀ። "እስቲ ፎቶውን ልየው" ብሎ የካሜራውን ጀርባ ከፈተ። ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ። እንጉዳይዋንም ሳያያት ረግጧት ነበር።

የወደፊት ባለቤቴ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። አብዬ ተገኝ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ሁለታችሁም አይታችኋታል። ስለ እሷ ተጫወቱ፤ ለጨዋታ ፊልም አያስፈልግም።"

እስከ ቤት እያወራናት ተመለስን፤ ከዚያም ዕድሜ ልካችንን። እሱ በሌንሱ ያየውን ይናገራል፣ እኔ ከሥር ያየሁትን እጨምራለሁ። አሁን የሱን ድርሻ የሚናገር የለም። እሱ ይል የነበረውን እያስታወስኩ፣ ሁለቱንም በደብተር እጽፋለሁ።