ሽማግሌ ያስተወው አቤቱታ

ሳሌሃ ቡታጅራ ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ባሏን ሸረፋንና የአጎቱን ልጅ ሙስሊምን ፖሊሶች ከጋራዣቸው አንስተው ሲወስዷቸው ምክንያቱን የነገራት የለም። ፍርድ ቤት ሄደች። «አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነን፤ እንዲህ ያለ አቤቱታ አንቀበልም» ብለው መለሷት። አዋጁ ባበቃ ማግስት ተመልሳ ሄደች። አሁን ዳኛው ተቀበሏት፤ ፖሊስ ሸረፋን በአካል ይዞ ቀርቦ ለምን እንዳሰረው እንዲያስረዳ አዘዙ።

ቀጠሮው ሲቃረብ አባባ አብዱልሃፊዝ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። የሙስሊም አባት ናቸው፤ ሸረፋንም አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ግቡ አባባ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

«ስለምኑ?»

«ከመንግሥት ጋር ክስ መግጠም ምን ያደርግልሻል? አቤቱታሽን ተዪው። የፖሊስ ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሬዋለሁ፤ ለጁምዓ ሸረፋ ቤቱ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«ዳኛው አቅርቡት ብለዋል እኮ።»

«ያሳደገው ዳኛው ነው ወይስ እኔ?»

የቆመ ሽማግሌ ሳያስቀምጡ መመለስ ነውር ነው። አንደኛው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እሺ አለች። ተቀመጡና መረቋት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ፊት ቆማ «ትቻለሁ፤ በሽማግሌ አልቋል» አለች። መዝገቡ ተዘጋ።

ጁምዓ አለፈ፤ ሸረፋ የለም። በማግስቱ ምሳ ይዛ ጣቢያ ሄደች።

«ወልቂጤ ተዛውሯል» አላት ዘበኛው።

«ማን ፈቅዶ?»

«ማንን እናስፈቅድ? አቅርቡት የሚል ፍርድ ቤት የለም። አንቺው አይደለሽ የተውሽው?»

በቀጥታ አባባ ቤት ሄደች። ሙስሊም ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ደጃፍ ላይ ቆጮ በጎመን ይበላል። እሷን ሲያይ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ይሄ መቼ ተፈታ?»

«ትናንት።» ቀና አላሉም። «‹አቤቱታው ይነሳ፣ አንዱን እንለቅልሃለን› አሉኝ። ምን ላድርግ ልጄ? አባት ነኝ።»

«የሸረፋም አባት ነኝ ሲሉ ኖረው የለ!»

ሰኞ ወልቂጤ ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለች አባባ ደወሉ። «ስሜን እንዳታነሺ፤ ሙስሊምን ይመልሱታል።»

«ከመለሱት ለእሱም እከሳለሁ። ፍርድ ቤቱ አሁን ክፍት ነው፣ አባባ።»

ወልቂጤ አዲስ አቤቱታ አቀረበች። ዳኛዋ ከአቤቱታው ጋር የተያያዘውን የቡታጅራውን መዝገብ ግልባጭ አንብበው ቀና አሉ። «ባለፈው ምለሽ አቅርበሽ ተውሽው። ማን አስተወሽ?»

«ሽማግሌ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ሽማግሌ ስም የለውም?»

ሳሌሃ የአባባን ስም ከነአባታቸው ተናገረች።

ሸረፋ ይቅረብ ተብሎ ታዘዘ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አልሆን አላት። ባሏ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃት «አባባ ደህና ናቸው?» ብሎ እንደሆነ ታውቃለች።