የደሬ ካሴት በአንድ ጆግ ተለወጠ

ውሸት ነው አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ደወልኩ።

"ደሬ አረፈ" አለኝ ያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል።

ከምን ነው ያረፈው? ጠዋት ቃሊቲ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሸዋ የጫነ መኪና ከኋላ መጣበት። መኪናው አልቆመም። ይህንን ማረፍ ይሉታል።

ገላን ኮንዶሚኒየም ከምኖርበት ፎቅ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል ልደበድበው ምንም አልቀረኝም።

ለማታውቁት፣ ደሬ የምንለው ደረጀ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። አቃቂ ተወልዶ እዚያው አደገ፤ የሰፈሩን ቴሌቪዥን ሁሉ የሚጠግን እሱ ነው። ነው። "ነበር" ማለት ዛሬ አልችልም።

ሃይ ስኩል ሳለን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሁለታችን አንድ ጌም ሠራን። ፕሮግራሙን እሱ፣ ሰዎቹ የሚናገሩትን እኔ። አንድ ሰውዬ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። ተጫዋቹ ያንን ሰውዬ ሆኖ ይጓዛል፤ ስንቅ ይይዛል፣ መንገደኛ ያናግራል፣ ከጅብ ጋር ይታገላል። የልጅ ሥራ ነበር። እኔ ረሳሁት።

ደሬ አልረሳውም። እነዚህን ዓመታት ሁሉ እንደ አዲስ ሲሠራው ነበር። ለኮምፒውተር እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሳለን ከቴሌቪዥን ጋር አያይዘን ካሴት እናጎርሰው ለነበረው ለዚያ አሮጌ የጌም ማሽን ነው።

"አብደሃል? ዘመኑ የስልክ ነው" አልኩት።

"ስልክ ያለው በስልኩ ይጫወት። ያ ማሽን ግን አቃቂ ውስጥ በየሶፋው ሥር አቧራ ይጠጣል። ማንም አይገዛው፣ ማንም አይጥለው። የጎደለው ካሴት ብቻ ነው።"

ማንም አይጥለው። እንዲህ ነበር ያለኝ።

የድሮ የኳስ ጌም ካሴት ፈልቅቆ፣ ውስጡን አውጥቶ የራሱን ይበይድበት ነበር። መብራት ሲመላለስ ኮምፒውተሩ ከተቃጠለበት ወዲህ ሥራው ሁሉ ያለው በአንድ ካሴት ላይ ነው። በአንድ።

ባለፈው ቅዳሜ አሳየኝ። ሰውዬውን ሆን ብሎ ለጅብ ሰጠው። ስክሪኑ ጠቆረ። በድሮው ሥራችን እዚህ ጋ "ጨዋታው አበቃ" የሚል ጽሑፍ ይመጣ ነበር። አሁን በጥቁሩ መሀል አንድ አረንጓዴ ድንኳን ተተከለ። ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች እየመጡ ተቀመጡ። አንዷ ንፍሮ ታዞራለች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጨዋታው አያበቃም። ድንኳን ይተከላል።"

ይህን አባባሉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሞተ ቴሌቪዥን ስታመጡለትም "ድንኳን እንተክልለታለን፣ ይነሳል" ይላችሁ ነበር።

"ከዚያስ?"

"እስከ ሰልስት ይቀመጡለታል። በሦስተኛው ቀን እናቱ ትጠራዋለች። ይነሳና ከጣቢያው እንደገና መንገድ ይጀምራል።"

"ምን ብላ ነው የምትጠራው?"

ያኔ እናቱ ከጓዳ ጮኹ። "አንተ ደረጀ! ተነስ ከዚያ ነገር ላይ፣ ምሳው በረደ!"

"ይኸው" አለኝ እየሳቀ። "ጻፍከው?"

ዛሬ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። እውነተኛው። የእድር ሰዎች ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ክፍሉን ባዶ አድርገውታል። ጠረጴዛው የለም። ማሽኑ የለም።

የእድሩን ዳኛ አገኘኋቸው። "ጋሽ ተካ፣ እዚህ የነበረው ዕቃ የት ሄደ?"

"የቱ? ያ ሽቦ ሽቦው?"

"ማሽኑ! ካሴቱ!"

"ክዳን የሌለው፣ ሆዱ የተዘረገፈ ነገር ነው እኮ ልጄ። የእጅ ማስታጠቢያ ጎድሎን ነበር፣ ልዋጭ ሲያልፍ ሰጠነውና ጆግ ወሰድን።" ፊቴን አዩት። "ምነው፣ ይሠራ ነበር እንዴ?"

ይሠራ ነበር እንዴ።

አንዲት ጎረቤት ያንኑ ጆግ ይዛ መጣች። ሰማያዊ ነው። "ታጠብ ወንድሜ፣ እህል ቅመስ።" አልታጠብኩም። ጮህኩ። ሰዉ ሐዘን መስሎት ግራና ቀኝ ደገፈኝ። ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነው።

ጋሽ ተካን መጥላት አቃተኝ። ከጠዋት ጀምሮ የድንኳን ብረት ሲሸከሙ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔን የሚያቃጥለኝ እናንተ ናችሁ። በቁሙ "ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚያድገው" ስትሉት ከርማችሁ፣ ዛሬ ፎቶውን ለጥፋችሁ "ታላቅ የፈጠራ ሰው አጣን" ትላላችሁ። ምን እንደፈጠረ ማን ጠየቀው? አንድ ሰው ጠይቆት ቢሆን፣ ዛሬ ክፍሉን ሲያስለቅቁ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዱ "ተዉ፣ ይሄ የደሬ ሥራ ነው" ይል ነበር። አንድ ሰው በቂ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ሥር "ነፍስ ይማር" ብላችሁ አትለፉ። ካሴቱን ፈልጉልኝ። ግራጫ ነው፣ የላይ ክዳን የለውም፣ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም "አቃቂ" ተጽፎበታል። ልዋጩ ረፋድ ላይ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወደ ቂሊንጦ ሲሄድ ታይቷል። ልዋጭ የምታውቁ፣ ቆራሌ የምታውቁ፣ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የምትሠሩ፣ ዛሬ ጠይቁልኝ። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ደሬ።

እናትህ ድንኳኑ ውስጥ ይጠሩሃል። ስለ ምሳው ምንም አላሉም። ተነስ ብቻ ነው የሚሉት፣ ደጋግመው። አንተ የሠራኸው ሰውዬ ቢሆን ይህን ድምፅ ሰምቶ ይነሳ ነበር። አንተ ዝም አልክ። ባንተም ተናድጃለሁ፣ እወቀው።

ነገ እንቀብርሃለን። ሰልስትህ እስኪደርስ ግን የአቃቂን ማዳበሪያ ሁሉ እገለብጣለሁ። አንተ ባትነሳ እንኳ ሰውዬህ ይነሳ፤ ከጣቢያው ይውጣ፣ መንገዱን ይጀምር።

ደህና ሂድ፣ ወንድሜ። ፍለጋውን ለእኔ ተወው።