ማኪያቶና የጠመኔው መስመር

ጁወይሪያ ውሻ አትጠላም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ሰፈርተኛው ወሬውን በራሱ መንገድ አብስሎ ጨርሷልና። አትጠላም፤ ብቻ እሱ በመንገዱ፣ እሷ በመንገዷ ቢሄዱ ትመርጣለች። ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቋ የቦርሳ ዚፕ ስትቀይር፣ መጋረጃ ስትዘመዝም ትውልና አመሻሹ ላይ ከጊዮርጊስ ጀርባ ወዳለው ግቢ ትመለሳለች። ባሏ አብዱረህማን ከሞተ፣ ልጆቿም ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤቷ ጭር ብሏል። ለምጄዋለሁ ትላለች፤ የሚያምናት ግን የለም።

ከፊት ለፊቷ ጋሽ ፈቀደ ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ፒያሳ ካፌ ውስጥ፣ ከባንኮኒ ጀርባ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በደህናው ጊዜ ግቢውን በቀልድ የሚያስቁት እሳቸው ነበሩ። ሚስታቸው ጽጌ ስትሞት ግን በራቸውን ዘጉ። ጎረቤት ሲያንኳኳ ከውስጥ ሆነው "ደህና ነኝ" ይላሉ እንጂ አይከፍቱም። በዚህ የተጨነቀችው ልጃቸው አርሴማ አንድ ቀን በካርቶን ቡችላ ይዛ መጣች። ገላው ቡና፣ ደረቱና አፍንጫው ዙሪያ አረፋ የመሰለ ነጭ። ጋሽ ፈቀደ ጎንበስ ብለው አዩትና "ማኪያቶ!" አሉ። ከለቅሶው ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። በማግስቱም በሩ ተከፈተ፤ ቡችላ ውጭ ወጥቶ መሽናት አለበታ!

ማኪያቶ ግን ስድ ነበር። አርሴማ ያመጣችለት ዕቃ በሙሉ ሳይረባ ቀረ። በሬ የሚያስረውን ሰንሰለት ጎህ ሳይቀድ እያንኳኳ ግቢውን ይቀሰቅሳል። የላስቲክ አጥንቱን ትቶ የጋሽ ፈቀደን ነጠላ ጫማ ያኝካል። ከውጭ የመጣ የተባለውን ብስኩት ደግሞ አሽትቶ ቧንቧው ስር ቀበረው። ይሄ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር። አንድ አመሻሽ ግን ጁወይሪያ ለሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ነጭ የሶላት ልብሷን ለብሳ ብቅ ስትል ዘሎ ተጠመጠመባትና እጇን ላሰው።

ለጁወይሪያ የውሻ ምራቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሰባት ጊዜ መታጠብ አለ፣ አንዱንም በአፈር፤ ልብሱም እንደዚያው። ያን ዕለት የመግሪብ ሶላት አመለጣት።

"ጋሽ ፈቀደ፣ ኧረ በአላህ! ከዚህ ውሻ ጋር እንዴት ብዬ ልኑር?" አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ጋሽ ፈቀደ አልተከራከሩም። ቡችላውን አቀፉና "ልክ ነሽ። ለአርሴማ እደውላለሁ፤ ትወስደዋለች" አሉ።

ድምፃቸው በሩ ተዘግቶ ሳለ ከውስጥ ይሰማ የነበረው ድምፅ ነው። ጁወይሪያ ደነገጠች። ቡችላው ከሄደ ያ በር እንደገና እንደሚዘጋ፣ ከተዘጋም የሚያስከፍተው እንደማይገኝ ገባት።

"ረመዳን ሊገባ ነው" አለች። "እስኪወጣ እንሞክረው። ሥርዓት ከያዘ ይኑር፤ ካልያዘ ግን ይሄዳል። አይቀየሙኝ።"

ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ ከቦርሳዋ አወጣችና በረንዳዋ ፊት ሲሚንቶው ላይ መስመር ሳበች። "ከዚህ ወዲህ እንዳያልፍ።"

ትምህርቱ በዕቃ ጀመረ። ሰንሰለቱ ተጣለ። ጁወይሪያ ከተረፈ የቦርሳ ማንገቻ የአንገት ማሰሪያ ልትሰፋለት ፈለገች፤ መንካቱን ግን አትደፍረውም። ሜትሯን ለጋሽ ፈቀደ አቀበለቻቸው። እሳቸው አንገቱን ሲለኩ ማኪያቶ የሜትሩን ጫፍ አኘከው።

"በቃ፣ የእርስዎ ሆኗል፤ እንዳይመልሱልኝ!" ብላ ሳቀች።

ነጠላ ጫማውም እንደዚሁ ለባለ ጥርሱ ተለቀቀ። ያስቸገረው ሽልማቱ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ጋሽ ፈቀደ ቤት የሥጋ ድስት ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ለሽሮ ፍትፍት ደግሞ ማኪያቶ የሚታዘዝ ውሻ አልነበረም። ሥጋ ያለው ጁወይሪያ ሾርባ ውስጥ ነው፤ ሾርባው የሚወጣውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እናም እንዲህ ሆነ፦ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጋሽ ፈቀደ ከመስመሩ ወዲያ ቆመው "ተቀመጥ!" ይላሉ። ጁወይሪያ በቴምር አፍጥራ ከሾርባዋ ቁራጭ ሥጋ ታወጣና አሮጌ የድስት ክዳን ላይ ትወረውርለታለች። መጀመሪያ ዘለለ፣ ጮኸ፣ ጠመኔውን ላሰ። እየዋለ እያደረ ግን ቁጭ ማለት ጀመረ።

አንድ ማታ ጁወይሪያ "እርስዎስ ምን በሉ?" አለቻቸው።

"ተይኝ እስቲ፤ ብቻዬን አይወርድልኝም።"

በማግስቱ የምስር ሳምቡሳ ጠበሰች። "ዘይት ብቻ ናት፤ የጾም ናት" ብላ በመስመሩ ላይ አሻግራ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈቀደ መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አብዱረህማን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስኳር ያበዛበትን ማኪያቶ እንዴት ይጠጣ እንደነበር አወሩላት፤ እሷም ጽጌ ቧንቧው ጋ ወረፋ ስትጠብቅ ታንጎራጉር እንደነበር አስታወሰቻቸው። ሁለቱም ያለቀሱበት ማታ ነበር። ማኪያቶ አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እሷ እያየ ክዳኑን ይልሳል።

ረመዳን ሊወጣ ሲል፣ እሑድ ከሰዓት አርሴማ መጣች። ጋሽ ፈቀደ እንደ አስተማሪ ደረታቸውን ነፍተው "ተቀመጥ!" አሉ። ማኪያቶ ጆሮውን አከከ። "ተቀመጥ አልኩህ እኮ!" ጅራቱን እያሳደደ ተሽከረከረ። አባትየው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ ጁወይሪያም ቅር አላት። ያን ሁሉ ማታ በከንቱ ደክመዋል ማለት ነው? ይኼኔ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ማኪያቶ ጅራቱን ትቶ ሮጠ፤ ከመስመሩ ወዲያ ቁጭ አለና የጁወይሪያን በር በጉጉት ተመለከተ።

አርሴማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ፈቀደ "እኔ እየለፈለፍኩ፣ እሱ የሚሰማው ሙአዚኑን ኖሯል!" አሉ። ጁወይሪያም ሳቀች፤ ግን ሐሳብ ገባት። ሾርባው ከረመዳን ጋር መሄዱ ነው። ሥጋው ሲቀር ሥርዓቱም አብሮ ቢቀርስ?

ዒድ ሆነ። ልጆቿ ከነልጆቻቸው መጥተው ቤቷን ሞልተውት ዋሉና አመሻሹ ላይ ወጡ። እንግዳው ሲመላለስ የጠመኔውን መስመር በእግሩ አጥፍቶታል። ጁወይሪያ ሰሃን እያጠበች ጸጥታው ተመልሶ ሲመጣ ተሰማት፤ እውነቱን ለመናገር፣ አልወደደችውም። የመግሪብ አዛን ተሰማ። እጇን አደራረቀችና በሩን ከፈተች።

መስመሩ በነበረበት ቦታ፣ ሳያልፍ ሳይጎድል፣ ማኪያቶ ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ጋሽ ፈቀደ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እንኳን አደረሰሽ" አሉ፤ ዓይኗን ግን አላዩም። "ረመዳን ወጣ። ፍርዳችንን ልንሰማ ነው የመጣነው።"

ጁወይሪያ ልትመልስላቸው ስትል በእጇ የያዘችውን አየች። በሩን ስትከፍት ሳታስበው ከጠረጴዛው ያነሳችው ሰሃን የምስር ሳምቡሳ ነው። በዒድ ቀን፣ ሥጋ በሞላበት ቤት፣ ጠዋት ያን ሳምቡሳ ስትጠብስ ለማን ብላ እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም ነበር።

"የምን ፍርድ?" አለች። "እርስዎ ግቡ፤ ሻይ ጥጄያለሁ። እሱ እዚያው ይሁን፤ ክዳኑን ብቻ ወደዚህ ጠጋ ያድርጉልኝ። ጠመኔውን ነገ አሰምርለታለሁ።"