አምስት ባቄላ ነዳጅ

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ከሻንጣዋ ሥር አንድ ሰፊ ካርቶን አወጣች። ስትሠራበት የነበረው ቤት ልጆች ሰልችቷቸው የተዉት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጥፍር የሚያካክሉ አውሮፕላኖች፣ አውሮፕላኖቹ የሚነሡባቸውና ተመልሰው የሚያርፉባቸው የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ መርከቦች፣ በካሬ የተከፋፈለ የባሕር ካርታ፣ ሁለት ዳይስና አንድ ወፍራም የደንብ መጽሐፍ አለው። ልጆቹ ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆማ እያየች ተምራዋለች። መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ ነበርና "አንተ መምህር አይደለህ፣ ወደ አማርኛ መልስልኝ" አለችኝ።

እኔ ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ውሃ ሐይቃችንንና አርዲቦን ነው፤ የሁለቱም ማዶ ከወዲህኛው ዳር ሆነው ሲያዩት ይታያል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል በትርጉሙ ላይ የራሴን የጨመርኩበት። ነፋሱን፣ የአውሮፕላኑን ከፍታና ነዳጅ፣ የቦምቡን ክብደት፣ መርከቧ ስትዞር የምትፈልገውን ስፋት፣ ሁሉንም በሠንጠረዥ አደረግሁት። ነገሩ እውነተኛ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ስንጫወት አንዱን ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀ።

"ወላሂ፣ ይሄ ፈተና ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም" አለች እህቴ።

ከፋኝና ሁሉንም ሰረዝኩት። ዳይስ ይጣላል፤ ትልቅ ቁጥር ያመጣ ይመታል፤ በቃ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። በመርከብ ፈንታ ጠጠር ብናስቀምጥም ለውጥ አልነበረውም።

ጎረቤታችን በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። ሥራቸው መርከቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ሰማይ መጠበቅ ነበር። አሁን ከሐይቁ ዓሣ ያጠምዳሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ይዘውልን መጡና ጠረጴዛውን አይተው ቆሙ።

"እሷ ያንተን መርከብ ታያለች?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፤ ፊቷ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ይሄ ባሕር አይደለም። ባሕር ላይ ዋናው ሥራ ማግኘት ነው። መምታቱ ከዚያ ወዲያ ነው።"

ገመድ አስመጡና ጋቢያቸውን በመካከላችን ሰቀሉት። ካርታውን በሁለት ወረቀት ገለበጥኩት፤ እሳቸው ሁለታችንንም የሚያይ ዳኛ ሆነው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። የሰረዝኩትን የነዳጅ ሠንጠረዥ ባሳያቸው ወደ ጎን አደረጉትና እህቴን ባቄላ አስመጧት። ለያንዳንዱ አውሮፕላን አምስት ፍሬ ሰጡ። በየዙሩ አንድ ፍሬ ይነሣል፤ ባቄላ ያለቀበት ይወድቃል።

የእህቴን መርከብ ፍለጋ ከአውሮፕላኖቼ ግማሹን ወደ ሰሜን ላክሁ። ካሬውን ስነግራቸው "ውሃ" አሉ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። "ውሃ።" ሌላም ካሬ ጠራሁ። "ውሃ ብቻ" አሉ በዝግታ። ስንት ዓመት ምሳዬን የበላሁበት ጠረጴዛ ማዶው ጠፋብኝ። ይህን ያህል ስፋት ከአንድ ጋቢና ከእፍኝ ባቄላ እንዴት እንደወጣ አሁንም በቅጡ አልገባኝም።

በመጨረሻ መርከቧን አገኘኋት። እህቴ ይህን ስታውቅ መርከቧን ወደ ደቡብ አሸሸች። የሷ አውሮፕላኖች ግን የኔን ፈልገው ርቀው ሄደው ነበር። ሲመለሱ መርከባቸው በነበረችበት የለችም። እስኪደርሱባት ሁለት ዙር ይቀራል፤ የቀራቸው ባቄላ አንድ ነው።

እህቴ ጣቷን ካርታው ላይ አስኬደች። ደግማ ቆጠረች።

"አይደርሱም" አለች።

ከዚያ ሽማግሌው "እኛም አንድ ጊዜ አንድ አውሮፕላን ጠብቀን ነበር" አሉ። "ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቆሜ ነበር። ሌላው ተረኛ ሲመጣ እንኳ አልወረድኩም። ፀሐይ ገባች፤ አልመጣም።"

ለብዙ ዓመት አጥር ተጋርተን ኖረናል። ይህን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ለዚህስ ምን ደንብ እንጻፍ ጋሼ?" አልኳቸው።

"መርከቧ አንድ ዙር ቆማ ውሃ ላይ የወደቁትን ከፈለገች ሰዎቹ ይተርፋሉ በል። የቆመች መርከብ ግን ትገኛለች።"

እኔ በዚያ ሁሉ ሠንጠረዥ ያላገኘሁትን እሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ነዳጅ አለበት፣ ፍርሃት አለበት፣ ሰው አለበት፤ የሚደመርና የሚባዛ ቁጥር ግን የለበትም።

እህቴ ብዙም አላሰበችም። "ትቁም" አለች።

ቆመች። በሚቀጥለው ዙር መርከቤ ላይ የቀሩት አውሮፕላኖቼ ተነሥተው ደረሱባትና ጀርባዋን ሰባበሩት። ከዚያ በኋላ አንድም አውሮፕላን ማስነሣት አልቻለችም፤ እህቴ ተሸነፈች። እኔም የማሸነፍ ደስታ አልመጣልኝም።

"ሰዎቹስ?" አለች ወደ ሽማግሌው ዞራ።

"መርከቧ ላይ ናቸው" አሏት።

"አልሃምዱሊላህ" አለችና ባቄላውን ትሰበስብ ጀመር።

በዚያው ሳምንት ደንቡን እንደገና ጻፍኩት። አራት ገጽ ሆነ። ሽማግሌው ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። "ነፋስም ነበረ እኮ" አሉ፤ ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

አልጨመርኩትም።