«ካንስል አድርጌዋለሁ» ያልኩ ቀን

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ትሠራ ስለነበር ልጃችንን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ያኔ የምንኖረው ቻምብሊ በምትባል ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤርፖርቱ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ ካሉ ሆቴሎች የአውሮፕላን ሠራተኞችን ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። ቅዳሜ የኔ ቀን ነበር። የኔ ስል የጌም ቀኔ ማለቴ ነው።

ጌሙ በኢንተርኔት ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው፣ በየወሩ የሚከፈልበት የመርከብ ጦርነት ነው። ሰባት ዓመት ተጫውቼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ «ሻንጣዬን ያዝልኝ»፣ «ለምን ዘገየህ» ስባል የምከርም ሰው፣ እዚያ ውስጥ የአርባ ሰው ቡድን አለቃ ነበርኩ። አንዱ ካናዳ፣ አንዱ ብራዚል፣ አንዱ የት እንዳለ እንኳ የማላውቀው፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቅ ሰዎች «ካፒቴን፣ አሁን ምን እናድርግ?» ይሉኛል። ይሄ ለአንድ ሰው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሚሆንበት ማስረዳት ይከብደኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ፍልሚያ ነበረን። ወቅቱ ጸደይ ነው፤ መኪናው ሁሉ በዛፍ ብናኝ ቢጫ የሚሆንበት፣ ልጃችን የምትሰቃይበት ሰሞን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት፤ ሲያፍናት ኢንሄለር የሚባለውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ትወስዳለች። ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍቼላት መኝታ ቤት ገባሁና የጆሮ ማዳመጫዬን፣ ሄድሴቴን አጠለቅኩ።

አንድ ጊዜ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቴን ሳላዞር ጣቴን ወደ ላይ አነሳሁላት፣ ቆይ ለማለት። ሁለተኛ ስትመጣ ክርኔን ነካች። «ዋን ሚኒት፣ ማሬ» አልኳት። የሆነ ነገር ተናገረች፤ በጆሮዬ ግን ከብራዚሉ ልጅ ጩኸት በስተቀር የሚገባ ነገር አልነበረም። ሦስተኛ አልመጣችም።

አሸነፍን። ሄድሴቱን አውልቄ ወደ ሳሎን ስወጣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ነው፣ ሶፋው ባዶ ነው፣ የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጫማዋ በሩ ስር አለ። ስሟን ጠራሁ። መታጠቢያ ቤት አየሁ፤ የለችም። በካልሲ ደረጃውን ወርጄ መኪና ማቆሚያውን ዞርኩ። እዚያ ቆሜ ስጣራ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

«ወዲህ ና! ቶሎ በል!»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ አብረውን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አዛውንት እናት ናቸው። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ልጄ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ መልኩ ተለውጧል። እሳቸው ስልኩን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው ጀርባዋን እየደገፉ፣ ባላቸው እንግሊዝኛ አድራሻውን ለድንገተኛ ጥሪው፣ ለናይን ዋን ዋን እየነገሩ ነው።

«ኢንሄለሯ አልቋል ትላለች!» አሉኝ። «ስንት ጊዜ ደወልኩልህ! የት ነበርክ?»

«እቤት ነበርኩ፣ እማማ።»

«እቤት?» አሉ።

ትርፉ ኢንሄለር መኪናዬ ውስጥ ነበር። ወርጄ ስመለስ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። አፏ ላይ አድርጌ ስጫን ስላጣመምኩት እሷ ናት እጄን ይዛ ያስተካከለችው። ጥቂት ቆይቶ አምቡላንሱ ደረሰ።

ባለቤቴ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከሥራ ቦታዋ ወዳስገቡን ሆስፒታል ከንፋ መጣች። ልጃችን ኦክስጅን ተደርጎላት፣ ቀለሟ ተመልሶ ነበር። እናቷ ፀጉሯን እየዳበሰች «ለምን ለዳዲ አልነገርሽውም?» አለቻት።

«ነግሬዋለሁ» አለች። «ዳዲ ቢዚ ነበር።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ብትዞር ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ እቤት ገብተን ልጅቷ ከተኛች በኋላ «ገንዘቡ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ ተናግሬህ አላውቅም» አለችኝ። «ካንስል አድርገው። ዛሬ።»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ የጌሙ ክፍያ ገጽ ላይ ገባሁ። መጀመሪያ ምክንያቴን ጠየቀኝ፤ «ጊዜ የለኝም» የሚለውን መረጥኩ። ቀጥሎ መርከቦቼን በሙሉ ደርድሮ «እነዚህን ሁሉ ያጣሉ» አለኝ። ከዚያ ሁለት ምርጫ መጣ። አንዱ በትልቅ ሰማያዊ፦ ለሦስት ወር ፖዝ ያድርጉት። ሌላው ከሥሩ፣ በደብዛዛ ትንሽ ፊደል፦ ካንስል፣ ጨርሶ መሰረዝ። ብዙ ደቂቃ ሁለቱን ሳይ ተቀመጥኩ።

«አደረግከው?» አለችኝ ከኩሽና።

ሰማያዊውን ተጫንኩ። «ካንስል አድርጌዋለሁ» አልኩ።

ከሁለት ወር በላይ አለፈ። በእርግጥ አልተጫወትኩም፤ ውሸቱን ቀላል ያደረገልኝም ይሄው ነው። ቅዳሜ ልጄን ፓርክ እወስዳለሁ፣ አብረን ፓንኬክ እንሠራለን፤ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ይፈታል። ቫኑን እየነዳሁ መብራት ሲይዘኝ ግን የቀሩትን ሳምንታት እቆጥራለሁ። የቡድኑ ልጆች «ካፒቴን፣ መቼ ነው?» ብለው ቴክስት ያደርጋሉ። «በቅርቡ» እላቸዋለሁ፤ ወዲያው አጠፋዋለሁ።

አንድ እሑድ ማሪዬታ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። ባለቤቴ ሰው ፊት መቆም የምትፈራ ሰው ናት። ተነስታ ወደ ማይኩ ስትሄድ ስለ ልጃችን ጤና ልታመሰግን ነው ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ስለ ልጃችን ጀመረች። ከዚያ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

«ባለቤቴ ሰባት ዓመት የያዘውን ነገር በአንድ ቀን ቆርጦ ጣለው። እኔ አልለመንኩትም፣ አልተጣላሁትም፤ አንድ ጊዜ ነገርኩት፣ አደረገው። እንደዚህ ያለ ባል ስለሰጠኝ ጌታን አመሰግናለሁ።»

አዳራሹ በእልልታና በሃሌሉያ ተናጋ። አጠገቤ ያለው ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፓስተሩ ማይኩን ተቀብሎ «በሚቀጥለው እሑድ ወንድማችን ራሱ ወጥቶ ይነግረናል!» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ልጃችን ከልጆች ክፍል እስክትወጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን መጠበቅ ልማዳችን ነው። ባለቤቴ ደስ ብሏታል፤ ከግንባሯ በላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት አውርዳ ዓይኗን በሶፍት ትጠርጋለች። በዚያ ፊት ላይ ለመናገር ከባድ ነበር፤ ግን አንድ ሳምንት ብቆይ እንደማልናገር ራሴን አውቀዋለሁ።

«ካንስል አላደረግኩትም» አልኩ። «ፖዝ ነው ያደረግኩት።»

«ፖዝ ምንድን ነው?»

«ለጊዜው ማቆም። ተመልሶ የሚከፈት።»

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

ሶፍቱን አጥፋ አጥፋ ትንሽ አደረገችው። «ሰው ፊት አቁመህ አስዋሸኸኝ» አለች።

«እንደምትመሰክሪ አላወቅኩም።»

«ብታውቅስ?»

ዓይኔን ወደ መሪው መለስኩ።

«አሁን አድርገው» አለች። «እያየሁህ።»

በስልኬ ገባሁ። ያቺን ደብዛዛ ትንሽ ፊደል ስጫን ማረጋገጫ ኮድ ልኬልሃለሁ አለኝ፤ የላከው ግን ወደ ተውኩት የድሮ ስልክ ቁጥሬ ነው። ባለቤቴ ይሄንንም ሰበብ እንዳትለው ፈራሁ። ከጌሙ ኩባንያ ሠራተኛ ጋር በጽሑፍ ማውራት ይቻላል የሚል አገኘሁና ገባሁ። ኢሜይሌን፣ የትውልድ ቀኔን ጠየቀኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልጆች መውጣት ጀምረዋል።

«ምን አለህ?» አለች።

«አንድ ወር በነፃ እንስጥህ ይለኛል።»

«ምን ልትለው ነው?»

አልፈልግም ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቴን ብነግረው ደስ እንደሚለው ጻፈልኝ። ጊዜ የለኝም ልል ጀምሬ አጠፋሁት። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ልጄ መተንፈስ አቅቷት ስትጠራኝ አልሰማኋትም» ብዬ ጻፍኩለት። ለባለቤቴ እንኳ በዚህ ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብላ አነበበችው። ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ይሰማኛል።

ሰውዬው «አዝናለሁ። አሁን ደህና ናት?» አለ።

«ደህና ናት።»

«ጨርሻለሁ። ተሰርዟል።»

የመሰረዙ ማረጋገጫ ኢሜይል ሲገባና ልጃችን የኋላውን መስታወት ስታንኳኳ አንድ ሆነ። ባለቤቴ በሩን ከፈተችላት፤ ክፍል ውስጥ የሳለችውን ሥዕል አይታ «ቆንጆ ነው» አለቻት። እኛ ሁለታችን ግን ሳምንቱን ሙሉ ከ«ወተት አልቋል» እና ከ«ልጅቷን አምጣት» ያለፈ አላወራንም።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣሁ። ለፓስተሩ አስቀድሜ ደውዬ መቅረት እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። «ባለቤቴ የነገረቻችሁ፣ እውነት ነው ብላ ያመነችውን ነው» አልኩ። «የዋሸኋት እኔ ነኝ። ያቆምኩት ባለፈው እሑድ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ እሷ እያየችኝ።» ሃሌሉያ ያለ የለም። አንድ ሰው ሳለ። ባለቤቴ አንገቷን እንደደፋች ነበር። ፓስተሩ አጭር ጸሎት ጸልዮ ወደ መዝሙር አለፈ። ስንወጣ ሰላምታ ካልሆነ በቀር አውርተን የማናውቅ አንድ ሰው ተጠግቶ «የኔ ደግሞ ጌም አይደለም» ብሎኝ ሄደ። ምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ልጄ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እኔን መጥራት ትታለች። ስትፈልገኝ መጥታ፣ ዞሬ እስካያት ዝም ብላ ትቆማለች። ጩኺ፣ ጥሪኝ እላታለሁ፤ እሺ ትላለች፤ ግን አትጠራኝም። ይሄ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ባለቤቴም አንዳንድ ምሽት እጇን ዘርግታ «ስልክህን» ትለኛለች። አንዳንዴ ይከፋኛል፤ አልደብቅም። አውጥቼ እሰጣታለሁ። አይታ ትመልስልኛለች፤ እራት እናቀርባለን።